ገመዱ ከመወጠሩ በፊት

አንድ የቤት ልማት ሕዝብ ተሳትፎበታል አልተሳተፈበትም ለማለት የተሰብሳቢ ብዛት መቁጠር አያስፈልግም። «ዛሬ እዚህ የምንናገረው ነገር ምኑን ሊቀይር ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ፕላኑ ጸድቆ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ የመነሻው ቀን ተቆርጦ ከሆነ አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላም ሰው የተጠራው ለመስማት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስድስት ሰው ብቻ ተቀምጦ የደረጃው ስፋት ገና በእርሳስ ከሆነ ግን እሱን ተሳትፎ ልንለው እንችላለን።

ጎንደር ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚከብደው ከመዝገብ ጀምሮ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ በአራዳ በኩልም ሆነ ወደ አዲስ ዓለም፣ አንድ የቆርቆሮ በር ከፍቶ የገባ ሰው አንድ ቤተሰብ አያገኝም። ፊት ለፊት ባለይዞታዋ እማሆይ አሉ፤ በስተግራ ሁለት የቀበሌ ክፍሎች፤ ከጀርባ በጭቃ ግድግዳ ተቀጥሎ ለተማሪ የተከራየ ቤት፤ ጥጉ ላይ ለሁሉም የምታገለግል አንዲት መጸዳጃ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ስለዚህ ዛሬም በአንድ አጥር ውስጥ ካርታ ያለው፣ የቀበሌ ውል ያለውና ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። የቀበሌው ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጻፈው በሟች አባት ስም ነው፤ ልጅየው 30 ዓመት ኪራይ ሲከፍል ኖሮ «አንተ ማን ነህ?» ይባላል።

«ባለቤቱ ይፈርም» በሚል ቅጽ የተቆጠረ ሰፈር እዚያ የሚያድረውን ሰው ብዙውን ሳያይ ያልፋል። ደባሉ አይቆጠርም፤ ከባለይዞታ የተከራየው አይቆጠርም፤ በሩ ላይ ጉልት የምትቸረችረውም የሌላ ሰፈር ሰው ተብላ ትዘለላለች። ቆጠራውን ሦስት ሰው ቢሠራው ይሻላል፤ አንዱ ከክፍለ ከተማው፣ አንዱ ከእድሩ፣ አንዱ በሰፈሩ ያደገና ጽሕፈቱ የሚነበብ ወጣት። እያንዳንዱን ግቢ ሦስት ጊዜ ይጎብኙ፤ አንዴ ማለዳ፣ አንዴ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ አንዴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ማለዳ ላይ የቀን ሠራተኛው ወጥቷል፤ ማታ ላይ የጉልት ሴቶቹ የሉም። በአንድ ጉብኝት የተሞላ ቅጽ የአንድ ሰዓት ፎቶ ነው።

በር ሲቆጠር ቀይ ቀለም አይነካ። ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ማለት «ይፈርሳል» ማለት መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ለቆጠራ ብላችሁ ብትቀቡት በማግሥቱ ወሬው ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። በወረቀት የታተመ ቁጥር በሙጫ ይለጠፍ። በዚያው ዕለት የመቁረጫው ቀን በግልጽ ይነገር፤ ከዚህ ቀን በኋላ የተከፈለ ክፍል፣ የገባ ሰው አይመዘገብም፤ የሁሉም በር ፎቶም ተነሥቶ ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ «ኮንዶሚኒየም ሊሰጥ ነው» የሚለው ወሬ አንዱን ክፍል በኮምፔንሳቶ ሦስት ያደርገዋል፤ ሰውም እውነቱን ነው፤ የሚቆጠረው በር ከሆነ በር ይጨምራል። መዝገቡ ሲያልቅ በእድሩ ቤት በር ላይ 15 ቀን ተለጥፎ ይቆይ። የተዘለለ ሰው ራሱ ይመጣል። ያልኖረ ሰው ስም ካለበትም ጎረቤት ዝም አይልም።

ስብሰባው ራሱ አጭር ወሬ ነው፤ ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ቅዳሜ አይጠራም፤ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ አይጠራም። በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 ሴቶቹን አታገኟቸውም፤ ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ ማህበር ላይ ናቸው። ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ጎንደር ላይ ስብሰባ መጥራት በራስ ላይ መቀለድ ነው። ከ25 ሰው በላይ ባለበት ስብሰባ አምስት ሰው ይናገራል፤ ሌላው ያጨበጭባል። ስለዚህ ለብቻ ለብቻ ይደረግ፤ ሴቶች፣ ተከራዮች፣ ወጣቶች፣ ባለይዞታዎች። ተከራይ ባከራዩ ፊት ስለ ኪራይ አይናገርም፤ ቢናገርም ከአንገት በላይ ነው። ሽማግሌ ቀድሞ ከተናገረ ደግሞ የቀረው «እርስዎ ካሉማ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ የአክብሮት ልማድ ነውና በጥያቄ አይሰበርም፤ በዘዴ ይታለፋል። ሁለት ማሰሮ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላ መስጠት ነው። በግቢው ውስጥ የጋራ ማድ ቤት ወይስ በየቤቱ? ባቄላውን ማንም ሳያይ ይጥላል። እማማ ያሉትና ምራታቸው የጣለችው ሲለያይ ማሰሮው ይናገራል።

ከሁሉ የከፋው የፊርማ ወረቀቱ ነገር ነው። ለአበል ወይም ለመገኘት የተፈረመ ዝርዝር በኋላ ከመዝገብ ሲወጣ «ነዋሪው የተስማማበት» ተብሎ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ ተንኮል ነው ማለት አይደለም፤ ርዕስ የሌለው ወረቀት በፋይል ውስጥ ያገኘውን ቦታ ይይዛል። መድኃኒቱ በየገጹ ራስ ላይ «ይህ ፊርማ መገኘትን ብቻ ያሳያል» ብሎ መጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ አይበቃም፤ ገጽ ይቀደዳል። ቃለ ጉባኤው በሦስት ዓምድ ይጻፍ፤ የተባለው፣ የተመለሰው፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያደርገው። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት መስመር ተስፋ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ሳይነበብ አይፈረም፤ አንዱ ቅጂም ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ገመዱ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላን ለብዙ ሰው አፍ የሌለው ወረቀት ነው። መስመሩን ግድግዳ፣ ክፍተቱን በር ብሎ ማንበብ ሙያ ይጠይቃል፤ ያልገባው ሰው ደግሞ ላለማፈር «ጥሩ ነው» ይላል። ይህን የሚፈታው ነገር ርካሽ ነው፤ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ስምንት ችካል፣ ሜትርና አንድ ጣሳ የኖራ ዱቄት። ሜዳ ላይ 5 ሜትር በ6 ሜትር ይወጠር። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ከአንዱ ጥግ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ትክክል ነው። በኮንዶሚኒየሙ አመዳደብ ከ20 ካሬ ያነሰው ስቱዲዮ፣ ከ20 እስከ 30 ባለ አንድ መኝታ፣ ከ30 እስከ 45 ባለ ሁለት ነው። ስለዚህ ይህ 30 ካሬ የብዙ ሰው ዕጣ ነው።

ቀጥሎ የግድግዳው ውፍረት በኖራ ይሰመር። የውጭ ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነና ልኩ ከውጭ የተወሰደ ከሆነ፣ ውስጡ የሚቀረው 4.60 በ5.60 ነው፤ 25.76 ካሬ። ከ4 ካሬ በላይ ግድግዳው በላው ማለት ነው፤ ገና መታጠቢያ ቤቱ ሳይከፈል። «30 ካሬ ሲባል ከውጭ ነው ከውስጥ?» የሚለውን ጥያቄ በሰፈሩ ሰው አፍ ማስገባት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ከዚያ ዕቃ ይግባ፤ በወሬ ሳይሆን በአካል። 1.20 በ1.90 የሆነ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ሶፋ ካለ ሶፋ። 60 ሴንቲ የሆነ ምጣድ ሲቀመጥ የጋጋሪዋ ክንድ የሚዞርበት ቦታ ይታሰብ። ረከቦቱ ይዘርጋና ስምንት ዱካ ይደርደር፤ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ማንን እንደሚመታ ያኔ ይታያል። ጠላ ጠምቃ ልጅ የምታሳድግ እናት ከሁሉ ቀድማ ጋኖቿን የምታስቀምጥበትን ትፈልጋለች። ጌሾው የት ይሰጣል? ብቅሉ የት ይደርቃል? በርበሬስ? አራተኛ ፎቅ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላት በረንዳ ለዚህ አትሆንም። መልሱ ከመዋቅሩ በፊት ከመጣ ርካሽ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ የደረጃ መውጫና መከላከያ ግንብ ይኑረው፣ ወይም ከግቢው 40 ካሬ ፀሐይ የሚያገኝ ሲሚንቶ ወለል ይተው። ከኋላ ከመጣ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሰው ይወጣል፣ ምስማሩ ይላላል፣ ክረምት ሲገባ ያፈሳል፤ ከዚያ «ነዋሪው አበላሸው» ይባላል።

ደረጃውም በኖራ ይሰመር። አሮጊቶቹ ሳያፍሩ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «እኔስ ስሞት በየት ነው የምወርደው?» ሳቅ ይሆናል፤ ግን ትክክለኛ የምሕንድስና ጥያቄ ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ስፋት ያለው ሣንቃ ለአራት ሰው አሸክሙና በተሰመረው መታጠፊያ አዙሩት። ሁለቱም በኩል 1 ሜትር ከሆነ አግድም ይዞ አይዞርም፤ መዘቅዘቅ ወይም በመደገፊያው ላይ ማሻገር ግድ ይሆናል። 1.20 ሲሆን በጭንቅ ያልፋል፤ ተሸካሚዎቹ ግን ጎን ለጎን መሄድ አይችሉም። 1.40 ብታደርጉት ሬሳም፣ ሶፋም፣ በቃሬዛ የምትወርድ ወላድም ያልፋሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ 20 ሴንቲ ነው። የለቅሶ ድንኳንም የእድሩ ንብረት ነውና ከመጋዘን ወጥቶ ይተከል፤ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የሚተወው ቦታ ከነገመዱና ከነችካሉ ሊይዘው ይገባል። መኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሰመረው ቦታ የዳስና የድንኳን ቦታ መሆኑን ነዋሪው ቀድሞ ያውቃል፤ አርክቴክቱ ግን ካልተነገረው አያውቅም።

ውኃ ላይ ጎንደሬ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። የአንገረብ ግድብ ደለል ይዞታል፤ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶ የሌለው ጀሪካን አለው። እንግዲህ አራት ፎቅ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል? ሒሳቡ በሰፈሩ ፊት ይሠራ። 40 አባወራ፣ በአባወራ 5 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንል 10,000 ሊትር ነው። ውኃው በ4 ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 40,000 ሊትር ማጠራቀም ያስፈልጋል፤ 4 ሜትር በ5 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የመሬት ውስጥ ጋን ማለት ነው። የአንድ ቀኑን ብቻ ጣሪያ ላይ ብትሰቅሉ 10 ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ የመዋቅር መሐንዲሱ ዓምድ ከመወሰኑ በፊት ማወቅ አለበት። አለበለዚያ ነዋሪው ከገባ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ሮቶ በረንዳው ላይ ያስቀምጣል፤ በረንዳ ደግሞ ለሰው እንጂ ለ1 ቶን ውኃ አልተሰላም። ፓምፕ ሲባል ወዲያው ሦስት ጥያቄ ይከተላል፤ የመብራቱን ማን ይከፍላል፣ ቁልፉ ከማን ጋር ያድራል፣ ሲቃጠል ከየትኛው ሣጥን ይጠገናል? የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማህበር እንዲኖር ያደርጋል፤ ማህበሩ ግን ሰው ዕቃውን ካስገባ በኋላ ሲመሠረት የመጀመሪያ ሥራው ጠብ ይሆናል። የፓምፕ መዋጮ ከዕጣው በፊት፣ ሁሉም አንድ ቦታ ሳለ ይወሰን። ምድር ቤት የሚደርሰው «እኔ ፓምፕ አያስፈልገኝም» የሚለው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነውና።

የመሀል ከተማ ሰው ሲነሣ አዘዞ ይሰጠዋል እንበል። ከመሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካሳ በዋናነት የሚተመነው ለግድግዳና ለቆርቆሮ ነው፤ የጉልቷ ደንበኛ፣ ሲቸግር እንጀራ የምታበድረው ጎረቤት፣ ልጅ የሚጠብቁት አዛውንት በተመን ቅጹ ላይ መስመር ያጥራቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳ አስገብቷል፤ ቁም ነገሩ ግን ትስስሩ እንዳይቋረጥ ማድረግ የሚቻልበት ዘዴ መኖሩ ነው። ዕጣው በሰው ሳይሆን በግቢ ይውጣ። ስድስት አባወራ ያለበት ግቢ አንድ ወረቀት ይሆናል፤ ዕጣው አንድ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ማን ስንተኛ ፎቅ እንደሚሆን በውስጣቸው ይነጋገራሉ። እንዲህ ሲሆን ጉልበት ያመማቸው እናት ምድር ቤት ያገኛሉ፤ የሚፈቅድላቸው ደግሞ 20 ዓመት አብሯቸው የኖረ ጎረቤት ነው። በግለሰብ በወጣ ዕጣ ግን እድሩ በአንድ ቀን ከአምስት ሕንፃ ይበተናል፤ መዝገቡ ይቀራል፣ ለቀስተኛው ይጠፋል።

ይኸው አዋጅ ሁለት ተጨማሪ ነገር ይዟል። አንደኛው፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር፣ ተነሺው ይዞታውን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ምክክር ይደረግ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው፤ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግሉ ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ አለው። አዋጁ ኋላ ስለተሻሻለ ማሻሻያውን አብሮ ይዞ ማንበብ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ስለ ልማት ፖሊሲና ፕሮጀክት የመመካከር መብትን አስቀምጧል።

የቡድን ማልማት ለምን አይሠራም? ብር ስለሌለ ይባላል። ከብሩ በፊት ግን የሚጎድለው ሒሳቡ ነው። ለምሳሌ 150 ካሬ ያላቸው ስምንት ባለይዞታዎች ቢቀናጁ 1,200 ካሬ ይሆናል። ግማሹ ላይ ቢገነባ በወለል 600፣ ጂ+3 (ምድር ቤትና ሦስት ፎቅ፣ ማለትም አራት ወለል) ከሆነ 2,400 ካሬ። ለደረጃ፣ ለመተላለፊያና ለግድግዳ 20 በመቶ ሲቀነስ 1,920 ይቀራል። ለስምንቱ 80 ካሬ ቤት 640፤ በመካከላቸው ላሉ አምስት የቀበሌ ተከራዮች 40 ካሬ ቤት 200። ትርፉ 1,080 ካሬ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምድሩ ሱቅ ይሆናል፤ ብድሩ የሚከፈለው በሱ ነው። ይህን ይዞ ባንክ የሚሄድ ሰው ወሬ ይዞ ከሚሄደው ይለያል። የሚበላሸውም በሦስት ቦታ ነው። የውርስ ክርክር ያለበት አንድ ይዞታ መሀል ላይ ከተገኘ ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከዲዛይኑ ቀድሞ ይጠየቅ። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም ከተቀመጠ ይጣላሉ፤ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ዝግ ሂሳብ ይከፈት። ጂ+3 የተባለው ሕንፃም በፕላኑ ላይ ላይፈቀድ ይችላል፤ በፋሲል ግቢ ዙሪያ፣ ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ በሆነ ቦታ አጠገብ፣ ከፍታ እንደ ልብ አይደለም። አንድ ወለል ሲቀነስ ሒሳቡ በሙሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ የከፍታው ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ይቅረብ።

የድሮ የድንጋይ ቤት ያለበት ግቢ ላይ አንድ ቃል ብቻ። በኖራ የተገነባን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰኑን «ማደስ» የሚለው ብዙ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይልጠዋል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፤ ይህን የሚያውቅ ግንበኛ በሰፈሩ ካለ በቆጠራው ጊዜ ስሙ ይመዝገብ።

ሕንፃው ቆሞ ቁልፍ ሲሰጥ ነዋሪው የማይነገረው አንድ ነገር አለ። ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት አለ፤ በዚያ ጊዜ የሚገኝ ጉድለት የሥራ ተቋራጩ ዕዳ ነው፤ ከክፍያውም የተያዘ ገንዘብ አለ። በየደረጃው አንድ ደብተር ይንጠልጠል፤ ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ ፎቶ ማን እንዳነሣ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውኃ አለማሳለፉ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈተን፤ ማፍሰሻውን በጨርቅ ደፍኖ 3 ሴንቲ ውኃ ማቆር፣ በማግሥቱ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ማየት። ጣሪያው ግን በባልዲ አይፈተንም። ርክክቡ በጥቅምት ከሆነ እስከ ግንቦት ሁሉም ቤት ደረቅ ነው፤ እውነተኛው ፈተና በሐምሌና በነሐሴ ይመጣል። ስለዚህ የነዋሪው ተወካይ የመጨረሻውን ርክክብ ሰነድ ክረምቱ ሳያልፍ፣ ደብተሩም ሳይነበብ መፈረም የለበትም።